ራጁ ምንም የለውም ተብሏል፤ ታዲያ አባቴ ለምን መቀመጥ አቃተው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከቱሉ ዲምቱ ናት። አባቷ 57 ዓመታቸው ነው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከስምንት ወር ወዲህ «ወገቤን» ይላሉ። ራጅ ተነሥተው «ንጹህ ነው» ተብለዋል። «ዲስክ ይሆናል» ተብሎ ዲክሎፌናክ የሚባል ሕመም ማስታገሻና ቢ ኮምፕሌክስ ተወግተዋል፤ ጥቂት ቀን ያሽላቸውና ይመለሳል። ቅዳሴ እስከ መጨረሻው ቆመው ያስቀድሳሉ፣ ታክሲ ውስጥ ግን ቃሊቲ እስኪደርሱ መቀመጥ ያቅታቸዋል። አሁን ደግሞ የሆድ ድርቀት ጀምሯቸዋል። አንድ ዘመድ «አከርካሪ ላይ የሚወጣ እጢ አለ» ብሎ አስደንግጧት «ምልክቱ ምንድን ነው? በምን ይለያል?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ወገቡን ከሚያመው 100 ሰው ከ90 በላይ የሚሆነው ችግሩ ጡንቻ፣ ጅማት፣ መገጣጠሚያ ወይ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ነው፤ አብዛኛውም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ዘመዳችሁ ያነሣው እጢ ብርቅ ነው። ይህን አንብበሽ እንቅልፍ አጥተሽ እንዳታድሪ። ግን ከጻፍሽው ውስጥ ሁለት ነገር ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። አንዱ ቆመው ደህና የሆኑ ሰው ሲቀመጡ መሰቃየታቸው ነው። ሌላው ድርቀቱ ነው።

በእሳቸው ዕድሜ በብዛት የምናየው የአከርካሪ ቱቦ መጥበብ ነው። እሱ ደግሞ ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውየው ቆሞ ትንሽ ሲራመድ እግሩ ይዝላል፣ ድንጋይም ቢሆን አግኝቶ ቁጭ ሲል ይለቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቅዳሴ ቆሞ አይጨርስም። ዲስክ ከሆነ አዎ፣ መቀመጥ ያባብሰዋል፤ ግን የዲስክ ሕመም ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ አይቀርም፣ ወደ አንድ እግር ይወርዳል፣ ከጉልበት በታችም ይሄዳል፣ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። አንቺ ስለ እግር ምንም አልጻፍሽም። ረስተሽው ከሆነ ጠይቂያቸው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። «አባዬ፣ የሚያምህን በአንድ ጣት አሳየኝ» በያቸው። በመዳፍ ሳይሆን በአንድ ጣት። ሰው ወገቤን ሲል መዳፉን ቀበቶው ላይ ያሳርፋል፣ እኛም እዚያው ላይ እናቆማለን። ጣታቸው ቀበቶው አካባቢ ከቀረ አንድ ነገር ነው። ከቀበቶው ወርዶ መቀመጫ መሃል፣ ጭራ አጥንት አካባቢ ከሄደ ግን የምንነጋገረው ስለ ሌላ ቦታ ነው። የወገብ ራጅ ያንን ቦታ በደንብ አያሳይም።

ቦታው ሳክረም ይባላል። አምስት አጥንቶች ተጣብቀው አንድ የሆኑበት፣ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው አጥንት ነው። ከሥሩ ጭራ አጥንት አለ። ዋናው የአከርካሪ ነርቭ አዋቂ ሰው ላይ የሚያልቀው ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ነው፣ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ። ከዚያ በታች የሚወርዱት ልክ እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ የነርቭ ክሮች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው የሳክረም ቀዳዳ የሚወጡት ሽንትን፣ ሰገራንና ግንኙነትን ያዛሉ፤ መቀመጫ መሃል ያለውን ቆዳ ስሜትም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እዚያ ታች የሚያድግ ነገር እግርን ሳይነካ ሽንትና ሰገራን ሊያውክ ይችላል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ጉልበቱ በመዶሻ ሲመታ ይዘላል፣ ሐኪሙም «ነርቭህ ደህና ነው» ይለዋል። ከላይ ያለው ነርቭ ደህና ስለሆነ እኮ ነው!

እዚያ ቦታ ከሚወጡት ብርቅ እጢዎች በአባትሽ ዕድሜ የሚታሰበው ኮርዶማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር ነው። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው አንድ ያህል ሰው ላይ ይገኛል፤ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ሳክረም ላይ ነው። ከ40 ዓመት በላይ በሆኑት ይበዛል፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ። ሰው ጽንስ እያለ የጀርባ አጥንቱ የሚሠራበት መስመር አለ። ከዚያ መስመር ተርፈው የቀሩ ሴሎች ናቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ማደግ የሚጀምሩት። ከባድ ዕቃ ስላነሡ፣ ብርድ ስለመታቸው ወይ የስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰው ስለዋሉ የመጣ አይደለም።

ኮርዶማ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። የሚያድገው ደግሞ ወደ ፊት፣ ወደ ዳሌ ውስጥ ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ስላለ ለረጅም ጊዜ የሚጨቁነው ነገር የለም። ከውጭ በእጅ ብዙ ጊዜ አይዳሰስም። አብዛኛውን ጊዜ ክብደት አይቀንስም፣ ትኩሳት የለም፣ ላብ የለም፣ የደም ምርመራውም ደህና ነው። «ካንሰር ቢሆን ኖሮ ይከሳ ነበር» የሚባለው እዚህ ጋ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች የሚታወቅላቸው ሕመሙ ከጀመረ ከዓመት በኋላ ነው፣ ያኔ እጢው ከቡጢ በልጦ ይገኛል።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ ምን ይታያል? የመጀመሪያው ምልክት ደብዛዛ የሆነ ሕመም ነው። አይወጋም፣ ያፍናል፣ ይከብዳል። በመቀመጥ ይብሳል። መቼ እንደጀመረ በትክክል አይታወስም፤ «ከፋሲካ በፊት መሰለኝ» ይባላል። ወድቀው በመቀመጫቸው ካረፉና ጭራ አጥንታቸው ከተጎዳም መቀመጥ ያቅታል፣ ይህ እንዲያውም ከእጢው በጣም የሚበዛ ነው። ያኛው ግን የሚታወስ ቀን አለው፣ ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ይብሳል፣ ቢዘገይም በሳምንታት ወይ በጥቂት ወራት ይቀላል። እጢ የሆነው አይቀልም። ዛሬ ትንሽ፣ ከወር በኋላ ትንሽ ጨምሮ፣ ከዚያ ደግሞ ሌሊትም መጥቶ። የሕመሙን ኃይል ሳይሆን አካሄዱን ነው ማየት ያለብሽ። ከአሥር ስንት ያምሃል ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምሽም።

መርፌው ያሽላቸዋል ብለሻል። ዲክሎፌናክ የአጥንት እጢ ሕመምንም ያስታግሣል፤ ስለዚህ ማሻሉ ምንም አያረጋግጥም። በዚያ ላይ ሲደጋገም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ስምንት ወር ሙሉ መወጋት አይገባም ነበር።

አቀማመጣቸውንም እዪ። ከኋላቸው ሆነሽ፣ ሳያውቁ። የስፌት መኪናው ላይ ሲሠሩ በሁለቱም ጎን ነው የሚቀመጡት ወይስ ወደ አንድ ጎን ያጋድላሉ? ጨርቅ አጥፈው አንዱ መቀመጫቸው ስር ያደርጋሉ? ወንበሩ ጫፍ ላይ ወጣ ብለው ክብደታቸውን ጭናቸው ላይ ይጥላሉ? ሰው አመመኝ ማለት ቢሰለቸው እንኳ ሰውነቱ አቀማመጡን ይቀይራል። እኔ ክፍሌ ገብቶ «ቁጭ በል» ስለው «አይ፣ ቆሜ ይሻለኛል» ያለኝን ሰው ከሌላው ለይቼ ነው የማየው።

አሁን ወደ ድርቀቱ እንምጣ። የድርቀት መንስኤ ብዙ ነው። ውሃ አለመጠጣት አለ፣ ትራማዶል የሚባለውን ሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ ከሆነ እሱም ያደርቃል። ፊንጢጣ አካባቢ ሕመምና ድርቀት ሲገናኙ ደግሞ ወዲያው «ኪንታሮት ነው» ይባላል፣ ቅባት ይታዘዛል፣ ወይ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ይኬዳል። ግን እጢ ወደ ፊት አድጎ አንጀቱን ሲገፋም ድርቀት ይመጣል። የዚህኛው ምልክት ከተጸዳዱ በኋላም «አልጨረስኩም» የሚል ስሜት መኖሩ ነው። ሰገራው ቀጥኖ መውጣቱም ይጠየቃል።

ሽንትን ደግሞ በጥንቃቄ ጠይቁ። ለመጀመር መጠበቅ አለ ወይ? ማማጥ አለ? ፊኛው መሙላቱን ሳያውቁት ይቆያሉ? በዚህ ዕድሜ ሁሉም ነገር ለፕሮስቴት (ወንዶች ፊኛ ሥር ላለው አካል) ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሽንትና ሰገራ አብረው ከታወኩ ግን ፕሮስቴት ብቻውን አይበቃም። በመቀመጫ መሃል፣ ፈረስ ላይ ሲወጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ መደንዘዝ አለ ወይ? ሲታጠቡ እጃቸው ሲነካው እንደ ሌላ ሰው ገላ ይሆንባቸዋል? የግንኙነት ችግርስ?

አውቃለሁ፣ ይህን ሴት ልጅ አባቷን አትጠይቅም። ጠይቂ አልልሽም። እሳቸውም ለልጃቸው አይናገሩም፣ ብዙዎቹ ለሐኪምም አይናገሩም፤ በር ላይ ደርሰው፣ የበሩን እጀታ ይዘው ነው «አንድ ነገር ረሳሁ ዶክተር» የሚሉት። እናትሽን ጠይቂ። እናት ታውቃለች። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ፣ የግቢው ሽንት ቤት ውስጥ ስንት እንደሚቆዩ፣ የሚነሡት ሽንት ስለመጣ ይሁን ሕመሙ ቀስቅሷቸው። ይኼ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ተነሥቶ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚቀለው ሕመም ሌላ ነው፤ ቢተኙም ቢነሡም የማይለቅ የሌሊት ሕመም ሌላ ነው። ቀሪውን አጎትሽ ወይ ወንድምሽ ይጠይቃቸው። ሐኪም ጋ ስትሄዱም አብረሽ ግቢና ከዚያ «ውጭ ልጠብቅህ» ብለሽ ብቻቸውን ተዪአቸው።

የሌሎች ዕድሜዎችን ቶሎ ልለፍ፣ ሌላ አንባቢም ሊጠቅመው ይችላል። ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ሰዎች ሳክረም ላይ ጃያንት ሴል የሚባል እጢ ይወጣል። ካንሰር አይባልም፣ አጥንቱን ግን ይበላል። ወጣት እናቶች ላይ ሲመጣ «ከወሊድ በኋላ ነው፣ ይለቅሻል» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ከዋናው የአከርካሪ ነርቭ ጫፍ አካባቢ የሚነሣ ኢፔንዲሞማ የሚባል እጢ አለ፣ በ30ዎቹ ዕድሜ ይበዛል፤ የእሱ ሕመም በመተኛት ይብሳል፣ ቁጭ ብለው የሚያድሩ አሉ። ልጆችና ጎረምሶች ላይ ደግሞ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ፦ ትንሽዬ ናት፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር አትሞላም፣ ሌሊት ታስለቅሳለች፣ አይቡፕሮፌን ሲዋጥ በሚገርም ፍጥነት ትረጋለች፣ ጀርባውንም ታጣምማለች። ጀርባው እየታመመ የተጣመመ ልጅ ለወጌሻ አይሰጥም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭራ አጥንቱ ላይ እብጠት ካለበት ያው ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የአባትሽን ነገር አገራችን ውስጥ ሳስበው ከእነዚህ ብርቅ እጢዎች በፊት ሦስት ነገር ይመጣብኛል። አንደኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው። እሱ ግን መሃል ጀርባና ወገብን ነው የሚወደው፣ ሳክረም ላይ ብዙም አይወርድም፤ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና መክሳት ሊኖረው ይችላል፣ ጀርባ ላይም ጉብታ ሊያወጣ ይችላል። በመድኃኒት ይድናል። ሁለተኛው ብሩሴላ ነው፤ ከከብት በጥሬ ወተት የሚተላለፍ በሽታ። እናንተ ሰፈር ወተት ከጎረቤት ከብት ቤት ነው የሚመጣው፣ ሳይፈላ የሚጠጣ ካለ ትኩሳቱ ሄድ መጣ ይላል፣ «ታይፎይድ ነው» ይባላል፣ ቆይቶ የታችኛውን ወገብና ሳክረም ከዳሌ ጋር የሚገናኝበትን መገጣጠሚያ ይይዛል። ሦስተኛው ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር ነው፤ አጥንት ላይ ከሚነሡት እጢዎች ይህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ወንድ ላይ ፕሮስቴት፣ ሴት ላይ ጡት ቀድሞ ይታሰባል። ፒኤስኤ የሚባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ እንዲያዝላቸው ጠይቁ።

ራጁስ? ራጅ ላይ የአጥንት ጉዳት እንዲታይ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው የአጥንቱ ጥግግት መሟጠጥ አለበት። በዚያ ላይ ሳክረም ፊት ለፊቱ አንጀት አለ፣ ጋዝና ሰገራ ጥላውን ይጥልበታል። ድርቀት ያለበት ሰው ራጅ ላይማ ምኑ ይታያል! «ንጹህ ነው» የተባለው ራጅ ከወገብ በታች ላለው ነገር ምስክር አይሆንም።

የሚያስፈልገው ኤም አር አይ ነው፣ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣው ምርመራ። እዚህም ወጥመድ አለ። ወረቀቱ ላይ «የወገብ ኤም አር አይ» ተብሎ ከታዘዘ ማሽኑ የሚያነሣው ወገብን ነው፤ ምስሉ ብዙ ጊዜ ሳክረም አንደኛውና ሁለተኛው አጥንት ላይ ይቆረጣል። ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥተሽ ብታዪው ታችኛው ጠርዝ ላይ አጥንቱ ሳያልቅ ምስሉ ያልቃል። እጢው ከጠርዙ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ማንም ሰው ላይ የማይጠፋውን የዲስክ መርጀት ይጽፋል፣ በቃ «ዲስክ ነው» ተብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትእዛዙ ላይ «ሳክረምና ጭራ አጥንት ይካተት» ተብሎ ይጻፍላችሁ። ሁለቴ ከመክፈል ያድናል።

ከኤም አር አይ በፊት ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ወይ በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ ሁለት ምርመራዎች አሉ። አንዱ በጓንት፣ በጣት የሚደረግ የፊንጢጣ ምርመራ ነው። ከሳክረም ወደ ፊት ያደገ እጢ ብዙ ጊዜ በጣት ይነካል። ፕሮስቴቱም በዚያው ይታያል፣ የፊንጢጣው ጡንቻ ጥንካሬም ይታወቃል። አባቶች አይወዱትም፣ ልክ ናቸው፣ ማን ይወደዋል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኪንታሮት ተብሎ መድኃኒት ከታዘዘላቸውና ማንም ካላያቸው ምርመራው እንዲደረግ ራሳቸው ይጠይቁ። ሌላው ሽንት ከሸኑ በኋላ በአልትራሳውንድ ፊኛ ውስጥ ስንት እንደቀረ ማየት ነው። ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከቀረ ነርቭ ወይ ፕሮስቴት አንዱ ችግር አለበት፣ ዝም አይባልም።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። የጤና መድን ካላችሁ በተለይ ደረጃውን አትዝለሉ፣ ሪፈር ወረቀቱ ከሌለ ወጪው እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እዚያ ስትደርሱ «ወገቡን ያመዋል» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፤ ያ ዓረፍተ ነገር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ አስቢው። «ስምንት ወር ሆነው፣ ሲቀመጥ ይብሳል፣ ሕመሙ ጭራ አጥንቱ ጋ ነው፣ ድርቀት ጀምሮታል፣ ራጁ አላሳየም» በሉ። እንደዚህ የተነገረ ታሪክ ሪፈር ያጽፋል። ሪፈሩ የነርቭ ወይም የአጥንት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይሁን።

እዚህ ጋ ደግሞ ቀልድ የለም፦ መቀመጫ መሃል በድንገት ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይ ሳያውቁት ካመለጠ፣ ወይ ሁለቱም እግር ከዛለ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ነርቭ ተጨቁኖ ሲቆይ የሚመለሰው ነገር በየሰዓቱ ይቀንሳል። ራይድ ታክሲ እንቢ ካለ የጎረቤት መኪና ይለመናል። ጸበሉ በኋላ ይደርሳል፣ እግዚአብሔር አይቀየምም።

ምስሉ ላይ እውነት እጢ ከታየ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ ሌላውን ያኔ ሐኪሞቹ ይነግሯችኋል። ናሙና ለመውሰድ አትቸኩሉ፣ ማንም ያገኘው ሰው አይውሰደው። ኮርዶማ መርፌው ባለፈበት መንገድ ሴል ጥሎ ሊያድግ ይችላል፣ ስለዚህ መርፌው የገባበት መስመር በኋላ ከእጢው ጋር አብሮ ይቆረጣል። በፊንጢጣ በኩል ከተወሰደ ግን አንጀቱም የዚያ መንገድ አካል ይሆናል። ናሙናው ከኋላ በኩል፣ በሲቲ ስካን እየታየ፣ ቀዶውን የሚሠራው ቡድን ባቀደው መስመር ነው መወሰድ ያለበት። የኮርዶማ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ በኬሞ ብዙም አይበገርም። ሳይቆራረጥ በሙሉ እንዲወጣ ደግሞ ትንሽ እያለ መገኘት አለበት።

በዚህ ሳምንት ጣታቸው የት እንዳረፈና እናትሽ ስለ ሌሊቱ ምን እንዳለች ጻፊልኝ። የድሮውን ራጅ አትጣዪው። ኤም አር አይ ከተነሡም ሪፖርቱን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፣ ሲዲውንም ተቀበሉ፤ የት ጋ እንደተቆረጠ እኔ ራሴ ማየት አለብኝ።